ቤት የሚጠራው ስምና መቅደስ የሚጠራው ስም

ዕድሜ ጠግበው ያረፉ አንድ የቤት አባት ሲታሰቡ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ያስታረቁትን ጠብ፣ ያሳደጉትን ወላጅ የሌለው ልጅ፣ ያቀኑትን እርሻ እያነሡ ያመሰግናሉ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ካህኑ ለፍትሐት ቆመው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ቤተ ሰቡ እርስ በርሱ የሚተያይ ከሆነ፣ ከመታሰቢያው ዋናው ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

የወለጋ ታሪክ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ አለው። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት ሞረዳ በከሬ፣ በ1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ሠራዊት እምባቦ ላይ ከተዋጉ በኋላ፣ ሕዝባቸውን ለጦርነት ሳይዳርጉ ለንጉሥ ምኒልክ በሰላም ገቡ። ስለዚህም አገራቸው፣ እንደ ጅማው አባ ጅፋር አገር፣ ግብር እየከፈለ በራሱ ባላባት ይተዳደር ዘንድ ተፈቀደለት።

ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ ተተኩ። ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ በማዕርግም ደጃዝማች ሆኑ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም ገዙ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት አናሲሞስ ነሲብ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ወደ ወለጋ በተመለሱ ጊዜ በክብር የተቀበሏቸው እኒሁ ደጃዝማች ነበሩ።

አሁን ስማቸውን እንመልከት። በነቀምቴ ከተማ የሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የሚጠራው በኩምሳ ሞረዳ ስም ነው። ልጃቸው ግን በታሪክ መጻሕፍት ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ተጽፈዋል። እንግዲህ ቤቱ አንዱን ስም ሲጠብቅ፣ ልጁ ሌላውን ተሸከመ ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ሁለት ሰዎች የነበሩ ይመስለዋል። ደግነቱ፣ የነቀምቴ ገዥዎች ከአዲስ አበባ ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ሳይጠፉ ስለ ቆዩ፣ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተኣ ሰብስበው በመጽሐፍ ለማሳተም በቁ።

የእኛ አባቶች ግን ቤተ መንግሥትም፣ የደብዳቤ መዝገብም የላቸውም። ያላቸው መዝገብ የእኛ ልብ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጠው ስም፣ ከዕለት ዕለት በቤት ስም እየተሸፈነ ይሄዳል። ካህናት በጸሎት የሚያነሡት ግን ያንኑ ስም ነው። በ40ኛው ቀንም ሆነ በሙት ዓመቱ፣ ጠላው ተጠምቆና ድግሱ ተደግሶ ስሙ ካልታወቀ፣ እንግዳው ጠግቦ ይመለሳል እንጂ ሟቹ እንደሚገባ ታሰቡ አይባልም።

በሌላው ወገን ደግሞ የክርስትናውን ስም ይዞ በኦሮምኛ የወጣለትን የአያቱን ስም የሚንቅ ወጣት አለ። ይህም ጥፋት ነው። ያ ስም የእናት የምኞት ቃል ነው፤ የአባቶች የትውልድ ቈጠራም የሚያያዘው በእርሱ ነው። ደጃዝማች ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር በተባሉ ጊዜ የሞረዳ ልጅነታቸው አልቀረም። ጥምቀት ሰውን የእግዚአብሔር ልጅ ያደርገዋል እንጂ ከወላጁ ቤት አያስወጣውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በቤታችሁ ካለው የዳዊት መጽሐፍ በባዶው ገጽ ላይ የአያቶችን ሁለቱንም ስም፣ የተጠመቁበትን ደብርና የንስሓ አባታቸውን ስም ጻፉ። ልጆችም አያታችሁን፣ አባባም በሏቸው አካካዩ፣ ከጎናቸው ተቀምጣችሁ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ሽማግሌው በደስታ ይነግሯችኋል፤ ከአንዱም ስም ጋር ሌላ ብዙ ታሪክ ይመጣል። ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው ግን መልስ የሚሰጠው ሰው ገና በቤት ሳለ ነው።