ማሳሰቢያ፦ ማንቲስ ለሚያሳድጉ ልጆችና ለወላጆቻቸው፣ ስለ ሙጫ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወላጆች፣ በዚህ በጸደይ ወራት ልጆቻችሁ ከአትክልት መሸጫ አንድ የደረቀ አረፋ የሚመስል፣ ቀለሙ ገለባ የሆነ፣ ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ነገር ይዘው ገብተው ይሆናል። የማንቲስ የእንቁላል ከረጢት ነው። ማንቲስ ያቺ የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጣጥፋ የምትቆመው ነፍሳት ናት። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ፊላደልፊያ አካባቢ ወደ አሜሪካ እንደገባ የሚታወቀው የቻይና ማንቲስ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ከአንድ ከረጢት ከመቶ በላይ ጨቅላ ሊወጣ ይችላል። ከረጢቱንም ሆነ ማንቲሶቹ የሚንጠለጠሉባቸውን ቅርንጫፎች ማሳደጊያ ሳጥኑ ውስጥ በምን እንደምታጣብቁ ሳታስቡ እንዳትጀምሩ አደራ እላለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ልጄ ከረጢቱን በሰፊ ፕላስተር የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። አይቼ «ጎበዝ» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስንነሳ ተፈልፍለው አገኘናቸው። ብዙዎቹ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ የፕላስተሩ ጠርዝ ግን ጉንዳን በሚያካክሉ ጨቅላዎች ተሞልቶ ነበር። አንዷ በአንድ እግሯ ብቻ ተይዛ በቀሩት አምስቱ አየሩን ትቀዝፋለች። ሌላዋ ሆዷ ተጣብቆ አንገቷን ወደ እኛ ታዞራለች። ሃያ ሦስት ቆጠርን። ልጄ የዚያን ቀን ቁርስ ሳትበላ ትምህርት ቤት ሄደች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ አይቼ ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ፕላስተር፣ በተለይም በሁለቱም በኩል የሚያጣብቀው፣ ሳጥኑ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ማንቲሶቹ እንዲጠጡ ውሃ በተረጨ ቁጥር ጠርዙ ይላቀቅና የሚያጣብቀው ጎን ይገለጣል።

ለእንቁላል ከረጢቱ ከሁሉ የሚሻለው መርፌና ክር ነው። እናቲቱ ቅርንጫፍ ላይ ያጣበቀችው ጎን ጠፍጣፋ ወይም ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ይታወቃል፤ ጀርባው እሱ ነው። በጀርባው በኩል የላይኛውን አረፋ ብቻ በክር ያዝ አድርጉና እንጨት ላይ እሰሩት። መርፌው ወደ መሃል አይግባ፤ እንቁላሎቹ ያሉት እዚያ ነው። ጨቅላዎቹ የሚወጡት ፊት ለፊት ካለው መስመር ሲሆን፣ በቀጭን ክር መሰል ነገር ቁልቁል ተንጠልጥለው ስለሚወርዱ ከሥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ተዉላቸው።

ክር አልሆን ካለ ሙጫ አቅልጦ የሚያፈሰው ግሉ ጋን ይሁን። የእሱ ሙጫ የሚደርቀው በመቀዝቀዝ ብቻ ነው፤ የሚተን ኬሚካል የለውም። ጠንቁ ሙቀቱ ነው፤ አንዳንዱ እስከ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፣ እንቁላል ያበስላል። ሙጫውን እንጨቱ ላይ ጠብ አድርጉ፣ መፍሰሱን እስኪያቆም ታገሡ፣ ከዚያ ከረጢቱን በጀርባው አስጠጉ። ሙጫው የሚተወውን ጸጉር የመሰለ ክር ሁሉ ልቀሙ።

የሳጥኑን መስታወት ወይም ቅርንጫፍ ለማጣበቅ ደግሞ ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ያገኘነውን እናነሳለን። እዚህ ላይ ማንቲስ እንዴት እንደምትተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳንባ የላትም፤ በሆዷ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ታስገባለች። እኛ መስኮት ከፍተን የምናስወጣው ሽታ እሷ በተዘጋች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ስትሆን የምትተነፍሰው አየር በሙሉ ይሆናል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ማስቲሽ የሚባለው የጫማ ሙጫ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ የጎዳና ልጆች በላስቲክ ሲስቡት እያየን ነው ያደግነው። ብዙዎቹ የጫማ ሙጫዎች ውስጥ ያለው ቶሉይን ሰውን እንዲህ ካሰከረ፣ ጥቂት ግራም ብቻ ለምትመዝን ነፍሳት ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። ማስቲሽ አይሞከር።

ሱፐር ግሉም ከሳጥኑ ውጭ ይቅር። ጢሱ ያገኘው ነገር ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ፖሊሶች የጣት አሻራ የሚያወጡበት በዚሁ ጠባዩ ነው። የግድ ካስፈለገ ዕቃው ውጭ ተጣብቆ አየር ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይደር። እንቁላሉ አጠገብ ግን ጭራሽ አይድረስ።

ሲሊኮን ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ገዳይ መድኃኒት ተጨምሮበታል። ማንቲስ ደግሞ የምትጠጣው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጠብታ ነው። ለዓሣ ገንዳ የተሠራውን ግዙ። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚያወጣ ዓይነት አለ፤ በነካችሁት ጊዜ ጣታችሁ ላይ ባይቀርም ውስጡ ገና አልደረቀም። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ሳምንት ሙሉ እተወዋለሁ፤ የተቀባበትን ቀንም ሳጥኑ ላይ እጽፋለሁ። አፍንጫ አስጠግታችሁ ሽታ ካለ ይቆይ።

ነጩ ኮላ የሚያሳስበኝ በሌላ ምክንያት ነው። መርዝነቱ ብዙም አያሰጋም፤ ውሃ ሲረጭበት ግን ይላላል። ማንቲስ ቆዳዋን የምትቀይረው ዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ነው፤ ከአሮጌው ቆዳ የወጣው ገላዋ እስኪጠነክር ድረስ እንደ እርጥብ ወረቀት ለስላሳ ነው። በዚያች ሰዓት ቅርንጫፉ ተነቅሎ ብትወድቅ እግሮቿ እንደተጣመሙ ይደርቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ትሞታለች። የምትንጠለጠልበት ቅርንጫፍ በሲሊኮን ወይም በግሉ ጋን ይያዝ።

ተጣብቃ ያገኛችኋትን አትጎትቱ። መጀመሪያ ባዶው የፕላስተር ገጽ ላይ ጥቂት ዱቄት ነስንሱ፣ ሌሎቹ እንዳይያዙ። ከዚያ የተያዘችበትን ቁራሽ ዙሪያውን በመቀስ ቁረጡ፣ በጥጥ ጫፍ ጥቂት ዘይት እግሯ ሥር ብቻ አስነኩና ጠብቁ። ዘይት ሆዷ ላይ ካረፈ መተንፈሻዋን ይደፍናል። እኛ የዚያን ቀን ከሃያ ሦስቱ ሰባቱን እንዲህ አተረፍን። ሁለቱ አንድ አንድ እግር ጎድሏቸው ነበር፤ ቆዳቸውን ደጋግመው በቀየሩ ቁጥር ቀጭን እግር እያደገላቸው ሄደ።