ሽምደዳን በቆሎ ተማሪ ማሳበብ ይብቃ!

የትምህርት ጓዶቻችን ሆይ! ከአየር ጤና ወደ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እንኳ ሃንድአውት እንሸመድዳለን። ፎርሙላው በቃል ይያዛል፤ ተሠርቶ የቀረበው ምሳሌ ይዘለላል፤ ፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ጉድ ፈላ! ከዚያማ «ምን ይደረግ፣ ከቆሎ ተማሪ የወረስነው ነው» ይባላል።

ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ዳዊትና ዜማ በቃል ይጠናሉ፤ ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። በዋሸራም በጎንጅም ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ምስጢሩ ሲፈታ አዳምጦ፣ ለብቻው ዱር ገብቶ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይነሳል። ትናንት ያሰማውን ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ ማን ይሰማዋል?

የስታቲስቲክስም ሆነ የመካኒክስ መጽሐፍ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው። ምሳሌውን አንብቡ፤ መጽሐፉን ክደኑ፤ በባዶ ወረቀት ራሳችሁ ሥሩት፤ ቁጥሩን ለውጣችሁ ድገሙት። በሰዓት ሁለት ገጽ ብቻ ብትገፉስ? ልብ ወለድ አይደለ!

ሁለተኛው ሰበብ እንግሊዝኛው ነው። እዚህ ላይስ እውነት አለ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ አድርጎታል። ግን በአማርኛ መወያየትን ማን ከለከለን? የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እኮ በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ስታንዳርድ ዴቪየሽን ምን እንደሆነ ለቤተሰባችን በአማርኛ ማስረዳት ካቃተን፣ ገና አልገባንም።

አየር ጤና የምንኖር ጥቂቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ነው። መግቢያው፦ ራሳችሁ የፈጠራችሁት አንድ ጥያቄ ከነመልሱ።