የአባት ብስክሌት ስንት ያወጣል?

አሮጌ ዕቃ ከጓዳ ሲወጣ ሁለት ዋጋ ወዲያው ይጠራለታል። አንደኛው የቆራሌው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከስልክ የሚገኘው ነው፤ አንዱ የቤቱ ልጅ ተመሳሳይ የሚመስል ዕቃ ውጭ አገር በሺዎች ዩሮ ለሽያጭ ቀርቦ ያያል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤተሰቡ በሐሳብ ሀብታም ይሆናል።

በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ተኮራርፈው የከረሙት የአክስቴ ልጆች ናቸው፤ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት። አባታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ቤቱ በሽማግሌ በሰላም ተከፋፍሏል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባታቸው ደብረ ብርሃን ሲሠሩ ይነዱት የነበረ፣ በኋላም አንኮበር በሚገኘው የአያት ቤት ጎተራ ውስጥ ለዓመታት ተሰቅሎ የቆየ ጣሊያን ሠራሽ ኮርስ ብስክሌት። ከአዲስ አበባ አንድ ደላላ ደውሎ 15 ሺህ ብር አቀረበ። ታላቅየው ስልኩን እያሳየ “ከ2 ሺህ ዩሮ በታች አይታሰብም” አለ። እህትየው ሽጠን እንገላገል አለች። ታናሽየው ግን አይሸጥም፣ እኔ እይዘዋለሁ አለ። “እንግዲያው ድርሻችንን ክፈለን” ሲሉት “በስንት ሒሳብ?” ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ወደ እኔ መጣ፤ ማርኬቲንግ የተማረ ሰው የሁሉንም ነገር ዋጋ ያውቃል ተብሎ ይታመናልና።

ዋጋ የሚጀምረው ከዕቃው ሳይሆን ከገዢው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ቦታ የሚያደርሰው ይፈልጋል። ቀጭን ጎማ፣ ወደ ታች የታጠፈ መሪና ዕቃ መጫኛ የሌለው ኮርስ በኮብልስቶን ላይ ለእሱ ሥቃይ ነው፤ ያገለገለ ማውንቴን ይሻለዋል። ስለዚህ የደላላው 15 ሺህ ብር ስድብ አልነበረም፤ የመጓጓዣ ዋጋ ነበር። የሰብሳቢው ዋጋ ሌላ ነው። ጣሊያን ውስጥ፣ ጋዮሌ በምትባል የኪያንቲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ “ሌሮይካ” የሚባል የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ይካሄዳል። ደንቡ ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ይጠይቃል፤ ማርሽ መቀየሪያው በቴላዮው ታችኛ ቧንቧ ላይ፣ የፍሬኑ ሽቦም ከመሪው ውጭ መሆን አለበት። በየአገሩ ብዙ ተከታይ ስላፈራ አሮጌ የጣሊያን ብስክሌት ከጌጥነት አልፎ የሚነዳና የሚፈለግ ዕቃ ሆኗል።

እኛ ዘንድም እነዚህ ብስክሌቶች እንግዳ አይደሉም። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ብቻ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከጋላቢዎቹ አንዱ ነበሩ። ይህን የማነሳው ታላቅየው “አባዬ እኮ ከእነ ገረመው ጋር ነው የጋለበው” ስላለ ነው። ዕድሜያቸውን ስንቆጥር አባታቸው ያኔ ገና ልጅ ነበሩ።

አንኮበር የሄድነው ቅዳሜ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን አየሩ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ደረቅ ነው፤ አንኮበር ግን ከቆላው የሚነሳው ጉም ቤት ድረስ ይገባል። ለብረት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ብስክሌቱን ከጎተራ አውርደን ወደ ደብረ ብርሃን አመጣነውና ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ጠጋኝ ዘንድ አቀረብነው።

ቀለሙ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ የቢያንኪ መለያ የሆነው ቀለም ነው። ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚላን ውስጥ የተመሠረተ ስመ ጥር ፋብሪካ ስለሆነ የታላቅየው ተስፋ በሙሉ በዚህ ቀለም ላይ ቆሞ ነበር። ጠጋኙ ግን አንድ ብሎን ፈታና ከሥሩ ቀይ ቀለም አሳየን። ቀለሙ በሽቦ መያዣዎቹ ላይ ሳይቀር ተረጭቷል፤ ግንባሩ ላይ መኖር የነበረበት የፋብሪካው አርማም የለም። አንድ ጊዜ፣ ምናልባት በጥሩ ፍቅር፣ ቢያንኪ እንዲመስል ተቀብቷል። አባቶቻችን የሚወዱትን ዕቃ እንዲህ ነበር የሚንከባከቡት፤ ሰብሳቢ ግን የተፋቀ ኦሪጅናል ቀለምን ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም አስበልጦ ይከፍላል። እኔ በሥራዬ ዕቃ ሲሸጥ ማሸጊያውን አሳምሩ ባይ ነኝ፤ እዚህ ግን ምክሬ ተቃራኒ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ቀለም ቤት አትውሰዱት።

ታዲያ ጣሊያናዊ ነው? ነው። ፔዳሉ የሚሽከረከርበት የኩሽኔታ ክዳን ላይ 36×24 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በኢንች 24 ጥርስ ማለት ነው። ይህ የጣሊያን ልክ ነው፤ የእንግሊዙ ጠበብ ይላል። የኋላ ጎማ የሚታሰርባቸው ጆሮዎችም ከላሜራ የተቆረጡ አይደሉም፤ ወፍራም ናቸው፤ “ካምፓኞሎ” የሚል ጽሑፍም አለባቸው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1933 ቪቼንዛ ላይ የመሠረተው ይህ ድርጅት ብስክሌት ሳይሆን የብስክሌት ዕቃ በመሥራት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ቴላዮው ላይ መኖሩ ቴላዮውን ማን እንደሠራው አይነግረንም። ኮልናጎ ወይም ደ ሮዛ መሆኑ ቢረጋገጥ ኖሮ ዋጋው ሌላ ይሆን ነበር። ከታች የተገኘው ጥቂት አኃዝ ብቻ ነው፤ ሠሪው አልታወቀም።

የመቀመጫው ዘንግ ከቴላዮው ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለ። አሉሚኒየም ብረት ውስጥ በእርጥበት ለዓመታት ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል፤ ካልወጣ ዋጋው በግማሽ ሊወርድ ይችላል። በመዶሻ ለመምታት የተነሳውን ታላቅየውን አስቁመን ዘይት እየጨመርን ሦስት ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ወጣ። ዘንጉ ላይ 27.2 ተጽፏል። ይህ ቁጥር ጥሩ ዜና ነው፤ ቧንቧው ስስና ቀላል፣ ለውድድር የሚመረጥ ዓይነት መሆኑን ይጠቁማል። በባትሪ ወደ ውስጥ ስናይ ዝገት አለ፣ ግን አልበሳውም። ጠጋኙ ከግንባሩ ኋላ ያሉትን ቧንቧዎች ከሥር በጣቱ ዳሰሰ። ከፊት የተጋጨ ብስክሌት እዚያ ጋ ይሸበሸባል፤ አዲስ ቀለም ደግሞ መሸብሸቡን ከዓይን ይሰውራል። ደህና ነበር።

የኋላ ማርሽ መቀየሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው “ኑዎቮ ሪኮርድ” ነው። አናቱ ላይ “ፓተንት” ከሚለው ቃል አጠገብ 74 የሚል ቁጥር አለ፤ የዚያን ዕቃ ዘመን ይነግራል። የፔዳሉ ክንዶች፣ ፍሬኖቹና ሞዞዎቹ የዚያው ቤተሰብ ናቸው። የፔዳሉ ክንድ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው በማጉያ መነጽር አየነው፤ ስንጥቅ የለም። ቸርኬዎቹ ግን አልቀዋል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ፍሬን ይዞ የወረደ ሰው ቸርኬው እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚበላ ያውቃል። የመቀመጫው ቆዳም ደርቆ ተሰንጥቋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መጀመሪያ የሚታየው የተጠየቀ ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበት ዋጋ ነው። ታላቅየው ያየው 2 ሺህ ዩሮ የጠያቂ ምኞት ነው፤ ለዚያውም ሠሪው በታወቀ፣ ቀለሙ ባልተነካ ብስክሌት ላይ። ሠሪው ላልታወቀና ለተቀባ፣ ግን ጥሩ ዕቃ ላለው ብስክሌት፣ ለስሌት እንዲያመቸን 500 ዩሮ እንበል። የመሸጫ ኮሚሽን 50፣ ማሸጊያና የአየር ጭነት 200፣ ካልታወቀ ሻጭ ሩቅ አገር ሆኖ የሚገዛ ሰው የሚቀንሰው 50። ለቤተሰቡ የሚደርሰው 200 ዩሮ ነው። ይህን ወደ ብር ስትቀይሩ የዕለቱን የባንክ ምንዛሪ ተጠቀሙ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የድሮው ማባዣ አይሠራም።

ቀጥሎ ሱማሌ ተራ ያለ ማንኛውም መለዋወጫ ነጋዴ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ተበታትኖስ? ማርሽ መቀየሪያው፣ የፔዳል ክንዶቹ፣ ፍሬኖቹና ሞዞዎቹ ተለይተው ቢሸጡ በድምሩ 350 ዩሮ ያመጣሉ እንበል። ከውጭ ለገና የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዟቸው ሊመለስ ይችላል፤ የአየር ጭነት የለም። ኮሚሽን 35 ቢቀነስ 315 ይቀራል፤ ቴላዮውም እጃችን ላይ ነው። ብስክሌቱ ሞቶ ከነሕይወቱ የበለጠ ያወጣል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ክርክሩ ጦፈ። ታናሽየው “እኔ አልበትነውም፤ ስለዚህ በ200 ነው የምከፍለው” አለ። ታላቅየው 315ቱን ያዘ። እኔ ለታላቅየው አደላሁ፤ ታናሽየው ሲይዘው ሌሎቹ የሚያጡት የተሻለውን ሽያጭ ነውና መለኪያው እሱ መሆን አለበት። ግን 315ም ሙሉ አይደለም፤ የሚፈታ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ለወራት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ሳይሸጥ የሚቀርም ይኖራል። ለድካምና ለሥጋት 45 ቀንሰን 270 ላይ ተስማሙ። ሦስት ቦታ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 90 ዩሮ፤ ታናሽየው የሁለቱን፣ 180 ዩሮ በዕለቱ ምንዛሪ፣ በሦስት ወር ከፍሎ ሊጨርስ ተጻጻፉ። እህትየው ድርሻዋን ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ አስባዋለች።

አንድ ነገር ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል። አክስቴ ዘንድ አባትየው ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ከዚሁ ብስክሌት ጋር የቆሙበት ፎቶ አለ፤ ከጀርባው የተጻፈ ነገር ግን የለም። የት፣ መቼ፣ በየትኛው ውድድር እንደሆነ ቢታወቅ ሰብሳቢ ከፎቶው ጋር ሲገዛ የተሻለ ይከፍላል። ታላቅየው ይህን ሲሰማ “እማዬ፣ ፎቶውንም ጨምሪበት እንጂ” አለ። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ትንሽ አዩትና ወደ ሣጥናቸው መለሱት። ዓመቱን ግን ነገሩን፤ ታናሽየው ወረቀት ላይ ጻፈው።