1400ን መደብቅ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ኤስኤቲ 1400 አመጣሁ፤ ግን አልልከውም» አለኝ። ሊያመለክትበት ያሰበው የአሜሪካ ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ፣ ከገቡት አብዛኞቹ ከ1500 በላይ እንዳመጡ አይቶ ደንግጧል። ፈተናው የሚታረመው ከ1600 ነው። ልጁ የሚማረው አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ለመመዝገቢያ ከ100 ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይሄ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

እኔ ላከው ባይ ነኝ።

በኮሮና ጊዜ የመፈተኛ ጣቢያዎች ሲዘጉ ብዙ ኮሌጆች «የፈለገ ይላክ» አሉ። ታዲያ ማን ይልካል? ከፍተኛ ያመጣው ነዋ! ዝቅ ያለው ዝም ይላል። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ያለው ቁጥር የገቡት ሁሉ ሳይሆን የላኩት ብቻ ነው። በዓመቱ ያ ቁጥር ሌላውን ያስፈራል፣ እሱም ይደብቃል፣ ቁጥሩም ደግሞ ይወጣል። የአከርሎፍን የአሮጌ መኪና ገበያ የተማረ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም።

ዳርትመዝ ኮሌጅ ጉዳዩን በራሱ መምህራን አስጠንቶ ነበር። በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የወጣው ውጤት፣ ከደካማ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ቢልኩት የሚጠቅማቸውን፣ 1400 አካባቢ ያለውን ጭምር፣ ይደብቁ እንደነበር አሳየ። ኮሌጁ ነጥቡን የሚመዝነው ልጁ ከተማረበት ትምህርት ቤት አንጻር ነውና። ከዚያ ፈተናውን መልሶ ግዴታ አደረገው። ኤምአይቲ በ2022 ቀድሞታል፤ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ወዲያው ተከተሉ። ዬል ደግሞ ኤስኤቲ፣ ኤሲቲ፣ ኤፒ ወይም አይቢ ምረጡ አለ። ለኛ ልጆች ግን ይሄ ብዙም ምርጫ አይደለም፤ አይቢ ያለው ውድ በሆኑት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ብትልኩለትም ለቅበላ አያየውም።

1400 ብቻውን በር አይከፍትም፤ በተለይ የገንዘብ ድጋፍ ለሚጠይቅ የውጭ አመልካች ፉክክሩ የከረረ ነው። ግን አሜሪካ የተቀመጠ መዝጋቢ የልጁን ትምህርት ቤት በስምም አያውቀውም። ትራንስክሪፕቱን በምን ይመዝነው? በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ነጥብ ያለፈው 3.3 በመቶው ብቻ ከሆነበት አገር የመጣ 1400 የሚናገረው ነገር አለ። ካልተላከ ግን ማን ያየዋል?

ልጁ እስካሁን አልወሰነም። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ታኅሣሥ 23 ነው።