የአባታችን ቮልስ የማን ናት?



በከተሞቻችን ግቢዎች ውስጥ፣ ከቆርቆሮ አጥር ሥር ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ቮልስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ባለቤቷ ወደ አኼራ ሄደዋል። ቤተሰቡ ለመሸጥም ለመጣልም አንጀቱ አልችል ብሎት ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ከወንዶቹ ልጆች አንዱ ቁልፍና መዶሻ ይዞ ይነሳና «እኔ እሠራታለሁ» ይላል። ምኞቱ መልካም ነው። በተለይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ እንኳን የሚሄድ የቆመ መኪናም ዓይን ውስጥ ይገባል።

በዚህ ወር አምዳችን አሮጌ መኪና በቤት ውስጥ ስለ መጠገንና ስለ ማሻሻል እንነጋገራለን። ስለ ካንዴላና ስለ ፍሬን የምናነሳውን ያህል ስለ አማናም ማንሳታችን አይቀርም። እህትና ወንድም በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት በዒድ ቀን እንኳ ሳይጠያየቁ የሚቀሩበት ጊዜ አለና።

ከብሎኑ በፊት ውርሱ

ሟቹ አባት የተዋት መኪና የሠሪው ልጅ ብቻ ንብረት አይደለችም። ከሟቹ ንብረት ላይ የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜው ከተነሳ በኋላ የቀረው ሁሉ የወራሾች ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ድርሻውን ለሰው ስሜት ሳይተው በራሱ ቃል ደንግጎታል።

በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። ሌላ ወራሽ የለም፣ ዕዳም የለበትም። ባለሙያዎች መኪናዋን በቆመችበት 240 ሺህ ብር ገመቷት እንበል። እናት አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 30 ሺህ ብር ይደርሳታል። የቀረው 210 ሺህ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እየሆነ በስድስት ይከፈላል። እያንዳንዱ ወንድ 70 ሺህ፣ እያንዳንዷ ሴት 35 ሺህ ማለት ነው። እንግዲህ መኪናዋን ሊሠራ የተነሳው ልጅ የእሱ ድርሻ ከሲሶ እንኳ ያነሰ ነው።

ግምቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ለፍቶ መኪናዋ ስታምር፣ እሱ «እኔ ነኝ ያደረስኳት» ይላል። እህቶቹ ደግሞ «የአባታችን ናት» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የትኛው እውነት ስንት ብር እንደሚያወጣ ግን በዚያን ጊዜ የሚለይ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ይቻላል። አንደኛው ሸጦ መካፈል ነው። ሁለተኛው ሠሪው ልጅ በግምቱ መሠረት የሌሎቹን ድርሻ ገዝቶ መኪናዋን የራሱ ማድረግ ነው፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ ጊዜ ይሰጠው። ሦስተኛው መኪናዋ የጋራ ሆና እንድትቆይ መስማማት ነው። ያኔ ወጪውን ማን እንደሚያወጣ፣ የልፋቱ ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብና በመጨረሻ ማን እንደሚነዳት አስቀድሞ ይነገራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ስምምነቱ ይጻፍ፣ ምስክርም ይኑረው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር የሚናገር መሆኑን እናስታውስ። ወንድማማች ነን ብሎ መጻፍን መተው ወንድማማችነትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እንላለን። እህት በይሉኝታ ዝም ማለቷ ፈቃድ አይደለም። ድርሻዋን በእጇ አስገብታ፣ ከዚያ በኋላ ወዳ ከሰጠች ስጦታዋ ነው። ሁለተኛው፣ ከወራሾቹ መካከል ለአቅመ አዳም ያልደረሰ የቲም ካለ የእሱን ድርሻ እናት እንኳ በራሷ ፈቃድ ልትመርቀው አትችልም። የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳትን እንደሚበሉ አላህ አስጠንቅቋል። የጎማና የቀለም ወጪም ከዚያ ገንዘብ እንዳይነካ ጥንቃቄ ያሻል።

ሊብሬው በሟቹ ስም እስካለ ድረስ መኪናዋን በወጉ መሸጥም ሆነ ስም ማዛወር አስቸጋሪ ስለሆነ የወራሽነት ማስረጃው በጊዜ ይውጣ። ወራሾች ሁሉ ከፈቀዱ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስን ጉዳይ ያያሉ።

ቮልስ ለምን ለቤት ሥራ ትመቻለች?

ውርሱ ከጠራ በኋላ ወደ መኪናዋ እንመለስ። ይህች መኪና የተሠራችው ተራ ቤተሰብ ገዝቶ በቀላሉ እንዲይዛት ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 በብዛት የፎርድን «ሞዴል ቲ» በልጣ ከ15 ሚሊዮን አልፋለች። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ሐምሌ 30 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) ስትወጣ ድምሩ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኖ ነበር። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ በየአገሩ የሚመረተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ውኃም አትፈልግም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ዋና ዋና ብሎኖች በመሆኑ፣ ሽቦውና ቱቦው ከተለያየ በኋላ በክሪክ ዝቅ ተደርጎ ከሥር ይወጣል። የላይኛው አካልም ከታችኛው ወለል ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሁለቱን ለያይቶ መሥራት ይቻላል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ብዙ ወጣቶች ከቀለም ይጀምራሉ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዝገትን መፈለግ ነው። የኋላውን መቀመጫ አንሱና ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል እዩ፤ አሲድ የሚበላው እዚያ ነው። ቀጥሎ ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ የሚሄዱትን ባዶ ብረቶች በዊንጥ መፍቻ ጫፍ እየጎነተላችሁ ፈትሹ። እነዚህ የሙቀት አየር ማስተላለፊያ ብቻ አይደሉም፤ የመኪናዋ አካል የሚጠነክረው በእነሱ ነው። እነሱ ከተበሉ ብየዳው ለባለሙያ ይሰጥ። በስቱኮ መሸፈን ሬሳን መኳል ነው።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። መኪናዋ መሄድ ከመቻሏ በፊት መቆም መቻል አለባት። ለዓመታት የቆመ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲሊንደሮቹ ከውስጥ ይዝጋሉ፤ ጎማ ቱቦዎቹም ይደርቃሉ። ዘይቱ ተደፍቶ፣ ቱቦዎቹ ተለውጠው፣ ሲሊንደሮቹ ታይተው ይገጠሙ። በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አትንፉት። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ።

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። ዓመታት የቆመን ሞተር ባትሪ አምጥቶ በቀጥታ ማስነሳት ጉዳት አለው። አሮጌው ቤንዚንና ዘይት ይደፋ። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግና ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር። በብዛት የምናያቸው የቆዩት ሞተሮች የሚይዙት ሁለት ተኩል ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ነው። የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም፤ ከሥር ያለችው የብረት ወንፊት ዘይት በተለወጠ ቁጥር ትታጠብ። ዘይቱ ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። የቫልቮቹ ክፍተት የሚለካው ደግሞ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሌሊት አድሮ ከፈጅር በኋላ ቢሠራ ደስ ይላል።

አራተኛው የቤንዚን ቱቦ ነው። ብዙ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህ ነው። ከሞተሩ በላይ የሚያልፈው የጎማ ቱቦ ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ በጋለ ብረትና በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅልቅል ስላለበት አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው እሳቱን ያብሰዋል። የቱቦው ዋጋ ከሌሎቹ መለዋወጫዎች ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እሳት ማጥፊያም በመኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ።

መንዳት ስትጀምሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማቀዝቀዣውን ማራገቢያም ያዞራል። የባትሪ መብራት መንገድ ላይ ቢበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ቁሙ። «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይደርሳል።

ለሁሉም ደግሞ፣ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይደረግ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት አልተሠራም።

ምን እናሻሽል?

ማሻሻል ሲባል ብዙዎች ስለ ፍጥነት ያስባሉ። እኛ ከደህንነት እንጀምር እንላለን። ቀበቶ የሌላት መኪና ቀበቶ ይግባላት፤ ማሰሪያውም በዛገ ላሜራ ላይ አይሁን። የቆዩት ባለ 6 ቮልት ቮልሶች መብራታቸው ደካማ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ 12 ቮልት ቀይሮታል። ሲለወጥ ግን አምፖሎቹ፣ ዲናሞውና ሌላው ዕቃም አብሮ መታየት አለበት። በእሳት ማከፋፈያው ውስጥ የሚበላውን መነካኪያ በኤሌክትሮኒክ መተካትም ሞተሩን በቀላሉ ያስነሳል። የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ መለወጥ ጥሩ ነው። ትልቅ ሞተር ገጥሞ ፍሬኑን እንደነበረ መተው ግን በነፍስ መቀለድ ነው። የወጣው ዕቃ አይጣል፤ አንድ ቀን መኪናዋን እንደ ጥንቷ የሚፈልጋት ይመጣል።

ገንዘቡ፣ እጁና ሶላቱ

«አሮጌ መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ኢስራፍ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። መልሱ እንደ ሰውየው ነው። የሚስቱንና የልጆቹን ቀለብ አጉድሎ፣ የደረሰ ዕዳውን አቆይቶ፣ ዘካውን ረስቶ የወርቅ ቀለም ያለው ቸርኬ የሚገዛ ሰው ጥፋቱ ግልጽ ነው። ግዴታውን ተወጥቶ፣ በየወሩ በሚችለው ልክ እየሠራ፣ ልጆቹን ሙያ የሚያስተምር ግን ሐላል ሥራ ላይ ነው። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እንዲለሰልስላቸው አላህ እንዳደረገና የጥሩሩን ቀለበቶች እንዲመጥኑ እንዳዘዛቸው ቁርኣን ይነግረናል። የእጅ ሥራ ነቢያትም የሠሩት ነው። ሴት ልጆቻችንም ከዚህ ትምህርት አይገለሉ፤ ካንዴላ መለወጥ ለእናት መኪናም ይጠቅማል።

የጁሙዓ ኹጥባ እያለፈ «ይህቺን ብሎን ብቻ» ማለት አይሆንም። ግሪስና ቀለም እጅ ላይ ውፍረት ኖሮት ውኃ ቆዳውን እንዳይነካ ከከለከለ ከዉዱእ በፊት መነሳት አለበት፤ ቀለሙ ብቻ ቢቀር አይጎዳም። የተደፋ ዘይትም ጎረቤት ቦይ ውስጥ አይፍሰስ፤ በጄሪካን ይጠራቀምና ለሚሰበስበው ይሰጥ። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማንሳት የኢማን ክፍል ከሆነ፣ ጎጂን ማፍሰስ የምን ክፍል ይሆን?

ለሽያጭ ከወጣች

መኪናዋ አምራ ለገበያ ስትወጣ የመጨረሻው ፈተና ይመጣል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ሻጩን እንደገሠጹት፣ የሚያጭበረብርም ከእኛ አይደለም እንዳሉ እናውቃለን። በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ያ የረጠበ እህል ነው። በየደረጃው ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ ለገዢው አሳዩት። የተበየደውን፣ ያልተለወጠውን፣ አሁንም የሚያንጠባጥበውን ንገሩት። ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ በረከቱ ግን ይቀራል።

ገንዘቡም ሲመጣ ያ የተጻፈው ወረቀት ይውጣና ሁሉም እንደ ስምምነቱ ድርሻውን ይውሰድ። አባት ከመኪናዋ ይልቅ በዚያ ቀን የልጆቻቸው ስምምነት ይጠቅማቸዋል፤ ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ ሥራው ለወላጁ ከሞት በኋላም ይደርሳልና።

አላህ ሐላል ሪዝቅን፣ የተስማማ ቤተሰብንና ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ወጣትን ይስጠን። አሚን! ወሏሁ አዕለም።