አስራ አንድ ባዶ ፓፍ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ አስምና ስለ ሰፈራችን ፋርማሲዎች ነው።

ሸዋ በርን የምታውቁ ገበያውን ታውቁታላችሁ። በርበሬው፣ ቅመሙ፣ ከሰሉ፣ እጣኑ፣ የባጃጁ ጭስ፣ በበጋ ደግሞ አቧራው። ለጤነኛ ሰው ይሄ የሐረር ሽታ ነው፤ ከከተማ ርቀን ስንሄድ የሚናፍቀን። አስም ላለበት ሰው ግን እያንዳንዱ ደረት የሚዘጋ ነገር ነው።

አንዲት ጎረቤት አሉን። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው። እዚያው ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። አስም ከያዛቸው ከአስር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት ልጃቸው በራችንን ደበደበ። ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ አንዲት ቃል ለመናገር ሁለት ሦስቴ ይተነፍሳሉ። ፓፉን ጨብጠውታል። ባዶ ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ፈጣሪ ይመስገን ተረፉ።

በማግስቱ ልጃቸው መሳቢያውን ከፍቶ ባዶ ፓፎች አወጣ። አብረን ቆጠርን። አስራ አንድ። ሁሉም ሳልቡታሞል፣ ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁሉም ከአንድ ፋርማሲ የተገዙ። አስራ አንድ ጊዜ ብር ተቀብለው መድኃኒት ሰጥተዋቸዋል። አንድ ጊዜ እንኳ «እማማ፣ ይሄ ነገር ቶሎ ቶሎ አለቀብዎት፤ ሌሊት ያስነሳዎታል እንዴ?» ያላቸው ሰው የለም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ግን ነገሩን ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ላስረዳችሁ። አስም ላይ ሁለት ነገር ይሆናል። የአየር ቧንቧው ውስጡ ያብጣል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ደግሞ ይጨማደዳል። ብዙዎቻችን «ቬንቶሊን» የምንለው ሰማያዊው ፓፍ፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ የተጨማደደውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓታት ያላላል። እብጠቱን አይነካውም። እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው የሚሳብ መድኃኒት ነው። እሱ ወዲያው እፎይ አያሰኝም፤ ደህና ሆነንም በየቀኑ ስንወስደው ነው የሚሠራው። በሰማያዊው ብቻ መኖር ጣራው እያፈሰ ወለሉን እንደመወልወል ነው።

ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ መታከም የለባቸውም ይላል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት የመጋለጥ አደጋው ይጨምራል፤ አስራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የሞት አደጋው። አዴ አስራ አንድ ላይ ነበሩ። አንዱ ፓፍ ብዙውን ጊዜ 200 ጊዜ ይነፋል። በወር አንድ የሚጨርስ ሰው በቀን ወደ ሰባት ጊዜ እየነፋ ነው ማለት ነው። ይሄን ለማስላት ዲግሪ አያስፈልግም፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ታዲያ ይሄን ሒሳብ ማን ያየዋል? ሐኪሙ በሽተኛውን በሦስት ወር ወይ በስድስት ወር አንዴ ቢያየው ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከናካቴው ተመልሰው አይሄዱም። ፋርማሲው ግን በየወሩ ያየዋል። ፊቱን ያውቃል፣ ሲተነፍስ ይሰማል፣ ስንተኛው ፓፍ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። እኔ «ፋርማሲ ሱቅ አይደለም» የምለው ለዚህ ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አዴን ሌላ ፋርማሲ ወሰድኳቸው። እዚያ የምትሠራው የቀድሞ ተማሪዬ ናት። «ቲቸር፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለችኝና ወደ እሳቸው ዞራ፣ «አዴ፣ እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» አለቻቸው። አዴ ፓፉን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፣ ተጫኑ፣ ከዚያ በኋላ ነው አየር የሳቡት። መድኃኒቱ እንደ ጭስ በአፋቸው ተመልሶ ወጣ። ከአስር ዓመት በላይ ግማሹን ለአየሩ ሲሰጡት ኖረዋል ማለት ነው።

አስተማረቻቸው። መነቅነቅ። አየርን ቀስ ብሎ ማስወጣት። በከንፈር ግጥም አድርጎ መያዝ። ቀስ ብሎ መሳብ እንደጀመሩ መጫን። እስከ አስር ቆጥሮ ትንፋሽን መያዝ። ቤክሎሜታዞን ከሆነ በመጨረሻ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት። መጫንና መሳብ አብሮ ለማይሄድለት ሰው ደግሞ ስፔሰር የሚባል የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ውድ ነው ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር ለልጆች ከሚሸጠው እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ሁሉም ነገር ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ግን አጉረመረመ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ፋርማሲ የሚሠሩ ልጆቼ ሲነግሩኝ፣ ባለቤቱ የሚቆጥረው የተሸጠውን ካርቶን እንጂ የተሰጠውን ምክር አይደለም። እኛም ደንበኞቹ ንጹሕ አይደለንም። «ዝም ብለህ ስጠኝ፣ አውቀዋለሁ» ያላልን ማን አለ? እኔ ብያለሁ። ደግሞ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚል ወሬ አለ፤ በዚህ ምክንያት ስንቱ ፓፉን ትቶ የሳልቡታሞል ክኒን ይገዛል። ክኒኑ ይዘገያል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ሱስ የሚባለው ግን ውሸት ነው። ሰውየው ፓፉን ደጋግሞ የሚፈልገው እብጠቱ ስላልታከመ ነው።

ገንዘቡም አለ። ለሁለት ፓፍ የሚበቃ ብር የሌለው ሰው የሚገዛው አሁኑኑ የሚያስተነፍሰውን ነው። ይሄ አለማወቅ አይደለም፤ የኪስ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ዕዳውን ሁሉ ፋርማሲው ላይ አልጭንም። መከላከያው መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ ካልተገኘ፣ የጤና መድህን ካርድ የያዘ ሰው ተመልሶ ከኪሱ ሊገዛ ከሆነ፣ የባለሙያው ምክር ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቢሆንም የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፋርማሲስት ሐኪም ይሁን አላልኩም። አንደኛ፣ ሰማያዊውን ፓፍ ለሚገዛ አዋቂ ሦስት ጥያቄ ይቅረብ፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ይፈልጉታል? ሌሊት ያስነሳዎታል? ሥራ ያስተጓጉልዎታል? ሁለተኛ፣ «እስቲ ያሳዩኝ» ይባል። ሦስተኛ፣ ደብተር ይኑር፤ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ሰው ስሙ ተጽፎ፣ አጭር ማስታወሻ ተይዞለት ወደ ሐኪም ይላክ።

ይሄ ህልም አይደለም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ባካሄደችው ብሔራዊ የአስም ፕሮግራም ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር በየፋርማሲው የአስም ኃላፊ መድባ ነበር። በአስም ሆስፒታል የሚተኛበት ቀን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። «እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን «እስቲ ያሳዩኝ» ለማለት ስንት ብር ያስፈልጋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 አስም 455 ሺህ ሰው ገድሏል፤ አብዛኛው ሞት እንደኛ ባሉ አገሮች ነው።

አዴ አሁን ሁለት ፓፍ አላቸው። ቡናማውን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። የጥር ወሩ ዓይነት ሌሊት አልተደገመም። ባለፈው ወር ግን ቡናማው ጠፍቶ ሦስት ፋርማሲ ዞርን። ያገኘነው እዚያችው ተማሪዬ ዘንድ ነው፤ አንድ አስቀምጣላቸው ነበር፤ ደብተሯ ላይ ስማቸው አለ።

ፋርማሲ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ስንት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «አንድ ቬንቶሊን» ሲላችሁ፣ ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩት። እናንተ ደግሞ አስም ያለባችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱና ባዶዎቹን ቁጠሩ። ከሦስት ካለፉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቆጥራችሁ ያገኛችሁትንም ንገሩት።