ካፌው ሲዘጋ ገንዘቡስ?

ኮሮና ሲባል ሌላው ሰው ማስክና ሳኒታይዘር ትዝ ይለዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ክፍል ለኖርኩት ለእኔ ግን ትዝ የሚለኝ የተማሪ ምግብ በጀት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በቫይረሱ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው በአገራችን ተገኘ። በዚያው ወር ተማሪዎች ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ፤ የአንዳንድ ግቢዎች ዶርም ለለይቶ ማቆያ ተሰናዳ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢንተርኔት ይቀጥል ተባለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ግን «ኮምፒውተርም ኔትወርክም የለውም» ተብሎ ለወራት ቤቱ ተቀመጠ።

ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ላለው ልጅ እውነት ነው። ስልክ በእጁ ላለው ግን የጎደለው የካርድ ብር ነበር፤ ብሩ ደግሞ እኛ ጋ ነበር። ያኔ የአንድ ተማሪ ምግብ በቀን 15 ብር ይሰላ ነበር፤ በወር 450 ብር። ልጁ ግቢ ከሌለ ይህ ገንዘብ እንጀራም ዳታም አይሆንለትም። ወደ ሌላ የበጀት መደብ ለማዛወር ደብዳቤ መመላለስ አለበት፤ እስከዚያ ሰኔ 30 ይደርስና ሒሳብ ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል።

ለተማሪው በምን መንገድ ይሰጠው ለሚል መልሱ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። «ነን ካፌ» የምንለው ተማሪ ካፌ አልመገብም ብሎ ይፈርማል፤ የምግቡን ብር በየወሩ ይቀበላል። በገዛ ፈቃዱ ውጭ ለሚበላ የተፈቀደው፣ ወረርሽኝ ከግቢ ላስወጣው የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ምጽዋትም አይደለም፤ በወጪ መጋራት ውሉ መሠረት የምግብና የመኝታውን ወጪ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ራሱ ነው። ኦዲተርስ ምን ይላል? ኦዲተር የሚጠይቀው መመሪያ ነው፤ መመሪያ ካለ ጣጣ የለውም።

አሁን መመሪያውን ለማውጣት ጊዜው ምቹ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝነት በገንዘብ ላይ መወሰንን ካልጨመረ ስም ብቻ ነው። ራስ ገዝ ለመሆን ተራ የሚጠብቁት ዩኒቨርሲቲዎች የፋይናንስ መመሪያቸውን ሲያረቁ፣ ትምህርት ሚኒስቴርም የወጪ መጋራት ውሉን ሲከልስ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ግቢ በድንገተኛ ችግር ሲዘጋ የተማሪው የምግብ ብር በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል፤ ኔትወርክ ለሌለው የታተመ ሞጁል በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይላክለታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ይህ አንቀጽ መጻፍ ያለበት ካፌዎቻችን ክፍት ሆነው ሳለ ነው።